ዘመድ ማለት አንድ ሰው ማለት አይደለም (ስለ ወጋጎዳ፣ ስለ «ኦሞቲክ» እና ስለ ሰሞኑ ኮሜንቶቻችሁ)



ትናንት ማታ ስልኬ አላስተኛ አለኝ። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ (ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል፣ ሁልጊዜ መስኮቱ ጋ ይቀመጥ የነበረው ነው) የኦሞቲክ ቋንቋዎችን የዘር ሐረግ የሚያሳይ ሥዕል ለጠፈ። በሥዕሉ ጠብ የለኝም። ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ ከአንድ ቅርንጫፍ በቅለው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ልክ ነው። ያላስተኛኝ ከሥሩ የጻፈው ነው፦ «ሳይንስ አንድ ቋንቋ ነው ብሎ ጨርሶታል፤ የለያየን ፖለቲካ ነው»።

ከዚያ በታች ያለውን አያችሁት። አንዱ «ወላይታ ከጋሞ ጋር በምንም አይገናኝም» ብሎ ይምላል። ሌላው «ኦሞቲክ አንድ ደም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ወጋጎዳ ተመልሶ ሊመጣ ነው» ብሎ ሰው ያስደነግጣል። መሃል ላይ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ አንተ ምን ትላለህ?» ብሎ ታግ አደረገኝ። በኮሜንት የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ገጼ ላይ እመልሳለሁ። ይረዝማል። ቡና ያዙ።

ከሥዕሉ ልጀምር። እንዲህ ያለ ሥዕል የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ እነዚህ ቋንቋዎች ጥንት ከአንድ ምንጭ ወጥተዋል ወይስ አልወጡም? ልጆች በምን ቋንቋ ይማሩ፣ ዞኑ ስንት ይሁን፣ መጽሐፉ በማን አፍ ይጻፍ የሚለውን አይመልስም። ሊመልስም አይችልም። የቋንቋ ምደባ የዘመድ ቆጠራ ነው። ሰባት ቤት ቆጥረህ ያጎትህ ልጅ መሆኑን ብታረጋግጥ ሚስቱን፣ ቤቱንና መታወቂያውን አንተ አትወስድም። እኛ ግን ይህን ስህተት አንድ ጊዜ በመንግሥት ደረጃ ሠርተን ሰው ሞቶበታል። ስለዚህ ስሜት ውስጥ ብገባ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ከ1990 ወዲህ የተወለዳችሁት ወጋጎዳን በስም ነው የምታውቁት። ወ ወላይታ፣ ጋ ጋሞ፣ ጎ ጎፋ፣ ዳ ዳውሮ። ያኔ አራቱም ሰሜን ኦሞ የሚባል አንድ ዞን ውስጥ ነበሩ፤ ዋና ከተማው አርባ ምንጭ። የሚገርመው ከዚያ በፊት እነዚህ ሕዝቦች በሦስት ክፍለ ሀገር የተበተኑ ነበሩ። ወላይታ ሲዳሞ ውስጥ ነበር። ጋሞና ጎፋ የራሳቸው ክፍለ ሀገር ነበራቸው። ዳውሮ፣ ያኔ ኩሎ የሚባለው፣ ከፋ ውስጥ ነበር። አንድ ዘመን መስመር አስምሮ ለያያቸው፣ ሌላ ዘመን መስመሩን አጥፍቶ አንድ አደረጋቸው። በሁለቱም ጊዜ ባለቤቱን የጠየቀ የለም።

እና አንድ ሰው ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ አሰበ፦ አራት ሕዝብ፣ አንድ ዞን፣ ቋንቋቸው ተቀራራቢ፤ አራት መጽሐፍ ከማሳተም አንድ ብናሳትም ወጪ ይቀንሳል። ሐሳቡ ከሩቅ ሲያዩት ሞኝነት አይመስልም፤ ይህን ለማለት አልፈራም። ወጪ እውነት ነው፤ ቅርበቱም እውነት ነው። ከዚያ የሠሩት ግን ምንድን ነው? ከዚህም ከዚያም ቃል ለቅመው ማንም እናት ለልጇ ተናግራው የማታውቀውን ቋንቋ መጽሐፍ ላይ አተሙት። የወላይታ ልጅ በራሱ ቋንቋ መማር ጀምሮ ነበር እኮ! ከዚያም በፊት፣ በደርግ ዘመን በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ወላይትኛ በፊደል ተጽፎ ከተማረባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ጎልማሶቻችን «ሀ ሁ»ን የቆጠሩበት ቋንቋ ነው። ወጋጎዳ ባዶ ቦታ ላይ አልመጣም። ያለውን አንስቶ ነው የተቀመጠው።

እኔ ያን ጊዜ ወጣት መምህር ነበርኩ። የትምህርት ቤቱ ስም ይቅር። መጽሐፉ የደረሰን ቀን አንዱን ልጅ አስነስቼ አነበብኩት። ልጁ ጎበዝ አንባቢ ነው፤ ሁለት መስመር ሄደና ቆመ። እንደገና ጀመረ፣ እንደገና ቆመ። ከዚያ ቀና ብሎ «ቲቸር፣ ይሄ የማን አፍ ነው?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

በወላይታ ቋንቋን «ዶና» ነው የምንለው። ወላይታቶ ዶና፣ የወላይታ አፍ። አማርኛም «አፍ መፍቻ» ይላል፤ ነገሩ አንድ ነው። ልጁ «የማን ቋንቋ ነው» ብሎ አልጠየቀም፤ «የማን አፍ ነው» ነበር ያለው። ይህንን አፍ የያዘ ፊት የለም ማለቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ጥናት አንብቤያለሁ፣ ከዚያ ልጅ የተሻለ ያለ ግን አላገኘሁም።

ኅዳር 1992 የሆነውን የሶዶ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ተማሪው ወጣ፣ መምህሩ ወጣ፣ ከተማው ወጣ። መጽሐፍ ተቃጠለ። ጥይት ተተኮሰ፤ ሰው ሞተ፤ ብዙ ሰው ታሰረ። ቁጥር አልጠራም፤ በእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ ቤት አለ። በመጨረሻ መንግሥት መጽሐፉን ሰበሰበ። እ.ኤ.አ. 2000 ላይ ሰሜን ኦሞ ፈርሶ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ፣ ዳውሮም እንዲሁ፣ ጋሞና ጎፋ አብረው ቀሩ። እነሱም ቆይተው በ2011 ተለያዩ።

አሁን ወደ ተማሪዬ «ሳይንስ ጨርሶታል» ልመለስ። ሳይንስ ምንም አልጨረሰም ልጄ! ይህ መስክ ከጨረሰው የጀመረው ይበልጣል።

እ.ኤ.አ. በ1938፣ ጣሊያን አገራችንን ይዞ በነበረበት ሰዓት፣ ሞሬኖ የሚባል ጣሊያናዊ «የኦሜቶ ቋንቋ መግቢያ» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። «የኦሜቶ ቋንቋዎች» አላለም፤ «ቋንቋ» ነው ያለው፣ በነጠላ። አንድ የማድረጉ ነገር በወጋጎዳ አልተጀመረም። ይኸው ሞሬኖ ግን አንድ ትልቅ ነገር አይቷል፣ እሱን አልነፍገውም። የደቡብን ቋንቋዎች «እኔ» እና «አንተ» በሚሉት ቃል ለያቸው። ኦሮሞው «አኒ»፣ «አቲ» ይላል። ሲዳማውም ሀዲያውም እንደዚያው። ግዕዝ «አነ»፣ «አንተ» ይላል፤ ዐረቡም ቅርብ ነው። አያችሁ፣ በእነዚህ ሁሉ ለራስ «ነ» ነው፣ ለሌላው «ተ»። ወደ እኛ ኑ። «ታ» እኔ ነኝ፣ «ኔ» አንተ ነህ! ተገልብጧል። ክፍል ውስጥ ይህን ሳስተምር ከሻሸመኔ የመጡ ልጆች ሁልጊዜ ይስቁ ነበር።

ሞሬኖም፣ በኋላ አሜሪካዊው ግሪንበርግም፣ እኛን «ምዕራብ ኩሽ» ብለው ኩሽ ቤት ውስጥ አስቀመጡን። ከዚያ ሃሮልድ ፍሌሚንግ መጣና እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ «እነዚህ ሰዎች የኩሽ ቅርንጫፍ አይደሉም፣ የራሳቸው ቤት አላቸው» ብሎ ተከራከረ። ለቤቱም ስም ፈለገለት። ወንዝ አየ፣ «ኦሞ» አለ። ኦሞቲክ ይኸው ነው። ዛሬ «የኦሞቲክ ደም» የምትሉት ቃል ከሃምሳ ስድሳ ዓመት በፊት አንድ የአሜሪካ ምሁር ከካርታ ላይ ያነሳው ስም ነው። አያቴ «ኦሞቲክ» የሚል ቃል ሳይሰማ ነው የሞተው። ኦሞን ያውቀው የነበረው ከወዲያ ማዶ ዳውሮ የሚጀምርበት ወንዝ ብሎ ነው፤ ዛሬ ግልገል ጊቤ ሦስት ያረፈበት። አያቴ ኦሞ የሚለያየው ወንዝ ነበር፣ እናንተ የምታገናኙበት ስም አደረጋችሁት። ክፉ አይደለም፤ ግን ደም አትበሉት።

ፍሌሚንግስ አሸነፈ? አብዛኛው ሰው ተከትሎታል። ፖላንዳዊው ዛቦርስኪ ግን እስከመጨረሻው «ኩሽ ናቸው» እንዳለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 የወላይትኛን ሰዋስው ያሳተመው ላምበርቲም ወደዚያው ነው። በሌላ በኩል ኖርዌጂያዊው ቴይል እ.ኤ.አ. በ2006 መጣና «ኩሽ መሆናቸውን ተዉት፣ ከሴምና ከኩሽ ጋር አንድ ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ መሆናቸው ራሱ አልተረጋገጠም» አለ። ይህ ማለት ከመቶ ዓመት ግድም ክርክር በኋላ ስለ እኛ ቋንቋ ያለው ነገር ከ«ኩሽ ነው» እስከ «ከማንም አይደለም» ይዘረጋል። ተማሪዬ ግን በአንድ ሥዕል ጨርሶታል!

እንዲህ ያለ ክርክር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፓፑዋ ኒው ጊኒ የሚባል አገር ከ800 በላይ ቋንቋ አለው። ተራራ መሃል ጥቂት ሺህ ሰው የሚናገራቸውን ትንንሽ ቋንቋዎች «ከየትኛው ቤት ናቸው» እያሉ ምሁራን ዛሬም ይጨቃጨቃሉ። አንዱ እዚህ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅላል፣ ሌላው ያወርዳል። እኛ አራቱን አንድ እናድርግ ብለን መጽሐፍ በምናትምበት በዚያው ዘመን ግን እዚያ የልጆችን የመጀመሪያ ዓመታት ትምህርት ከ400 በላይ ቋንቋ ውስጥ አስገብተው ነበር። በኋላ ፖሊሲያቸውን ቀየሩ፤ ችግር አልነበረበትም አልልም። ግን ምሁራኑ ዘር ሐረጉን እስኪጨርሱ ልጁ አልጠበቀም።

«እሺ ቲቸር፣ ትልቁ ቤት ያከራክር፤ አራቱ ግን ቅርብ ናቸው» የሚል አለ። ናቸው! መቼ ካድኩ? የቃላት ዝርዝር ይዘው ያነጻጸሩ ሰዎች በወላይታና በእነ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ዳውሮ መካከል ያለው የቃል መመሳሰል 80 ከመቶ አካባቢና ከዚያም በላይ እንደሚደርስ ጽፈዋል። ከኮሬቴ ወይም ከማሌ ጋር ስትሄድ ግን ከግማሽ በታች ይወርዳል። ስለዚህ አራቱ በእርግጥ የቅርብ ወንድማማቾች ናቸው። ግን ይህን ስሙ፦ ስፓኒሽና ፖርቹጊዝ 89 ከመቶ ይመሳሰላሉ ይባላል። ማድሪድና ሊዝበን ላይ አንድ የጋራ የንባብ መጽሐፍ ይታተም ብሎ የሚነሳ አንድ ሚኒስትር አምጡልኝ። መቶኛ ቋንቋ አይሠራም፤ አያፈርስምም።

ከአገራችን ምሳሌ ስጥ ካላችሁኝ ጉራጌ ጋ ሂዱ። ሕዝቡ ለረጅም ጊዜ በአንድ ስም ሲጠራ ኖሯል፤ «ጉራጊኛ» የሚል ቃልም አለ። የሴም ቋንቋዎችን የመደበው ሄትዝሮን እ.ኤ.አ. በ1972 ሲያይ ግን አንድ ጉራጊኛ የሚባል ቅርንጫፍ አላገኘም። ስልጤን ከሐረሪ ጋር አስቀመጠው፣ ክስታኔን ወደ ሌላ ጎን አወጣው፣ የሰባት ቤትን ሌላ ቦታ። ሳይንስ ለያየ ማለት ነው። ሕዝቡስ? ስልጤ በ1993 ሕዝበ ውሳኔ አድርጎ የራሱን ማንነት መረጠ። ክስታኔ ግን ጉራጌ ነኝ ብሎ ቀረ። ሥዕሉ ሁለቱንም ከሰባት ቤት ለይቷቸዋል፤ አንዱ ሄደ፣ አንዱ ቆየ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሥዕሉ ለማንኛቸውም አላዘዘም።

እስካሁን የመታሁት አንዱን ወገን ነው። ተራው የእናንተ ነው፣ «በምንም አንገናኝም» ባዮች። እዚህ ላይ እኔም ራሴ ተከሳሽ ነኝ።

ከ1992 በኋላ እኛ የሶዶ መምህራን ፈራን። «ይመሳሰላሉ» የምትል ቃል ከአፋችን እንዳትወጣ ተጠነቀቅን። «ይመሳሰላሉ» ያለ ሰው የወጋጎዳ ሰው ይባል ነበርና። አንድ ቀን እናቷ ከጨንቻ፣ አባቷ ከቦዲቲ የሆነች ተማሪዬ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ የእናቴን አባት የሚያወራውን እሰማዋለሁ እኮ፤ ለምን ነው ታዲያ አይገናኝም የምትሉት?» አለች። እኔ ምን አልኩ? «ወደ ትምህርታችን እንመለስ» አልኩ። ከዚያች ልጅ በላይ ትምህርት ምን ነበር? ጥያቄዋ የቋንቋ ጥናት መጀመሪያ ነው። በፍርሃት ዘጋሁባት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ያኔ ልነግራት የሚገባኝን አሁን ልናገር፤ ምናልባት ታነበው ይሆናል። እኛ ቤትን «ኬታ» እንላለን፣ ውሃን «ሃታ»። አያትሽ ዘንድ ያ ጠበቅ ያለው «ት» ወደ «ትስ» ይሄዳል፤ «ኬትሳ»፣ «ሃትሳ» ዓይነት ድምፅ፤ መጨረሻው አናባቢ ከቦታ ቦታ ይለዋወጣል። አንድ ቃል ላይ ብቻ ቢሆን አጋጣሚ በተባለ። ግን ቃል ከቃል እየተከታተለ ሲሄድ ይህ ሕግ ነው። ድምፅ በሥርዓት ሲለወጥ ዝምድናን የሚያስረዳው እሱ ነው፤ ከመቶኛም ከካርታም ይበልጣል። አራት ሁላችንም ዘንድ «ኦይዱ» ነው፤ አሥር «ታሙ» ወይም እሱን የሚመስል። ፈጣሪ ከዳሞታ ሥር እስከ ጋሞ ደጋ፣ ከኦሞ ማዶ ዳውሮ ድረስ «ጦሳ» ነው። ሰላም «ሳሮ» ነው። ይህን መካድ አያታችንን መካድ ነው። ወጋጎዳ ያደረሰው ትልቁ ጉዳት ይመስለኛል ይሄ ነው፤ መጽሐፉ ተሰብስቧል፣ ዝምድናውን ግን አስነዋሪ ነገር አድርጎት ሄደ።

ዝምድናውን ሲያወሩ መጥፎ የሆነው የዘመዱን አፍ መዝጋት ስለነበር ነው። እሱ ካልተደረገ ዝምድና ምን ክፋት አለው?

አሁን ወደማልወደው ወሬ እገባለሁ። ብዙዎቻችሁ ትቆጡ ይሆናል፣ ተቆጡ።

ወላይታ በ1999 በተደረገው ቆጠራ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሰው ነው፤ ዛሬ ደግሞ የት እንደደረሰ ገምቱ። ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ቋንቋችን ትምህርት ቤት አለ፣ ሬዲዮ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይጠናል፣ መጽሐፍ ቅዱስ ተተርጉሞበታል። እኛ አሁን በዚህ አካባቢ ትንሽ አይደለንም። ሰሞኑን ኮሜንቱ ውስጥ ግን ምን አነበብኩ? «ዛይሴ የእኛ ዘዬ ነው።» «ኮሬቴ የተበላሸ ወላይትኛ ነው።» «የሐይቁ ሰዎች ቋንቋ የላቸውም፣ ይቀላቅላሉ።» ይህን የጻፉት የ1992 ልጆች ናቸው! አባቶቻቸው «ቋንቋችን የሌላ ዘዬ አይደለም» ብለው አደባባይ የወጡ! ከግማሽ በታች የሚመሳሰለንን ኮሬቴን «የተበላሸ ወላይትኛ» ካልን፣ ወጋጎዳን ያዘጋጀው ሰው ከእኛ የበለጠ ምን በደለ? እሱ ቢያንስ 80 ከመቶ ነበረው።

«የተበላሸ» የሚባል ቋንቋ የለም። የአማርኛ መምህር ሆኜ እነግራችኋለሁ፣ አማርኛን ግዕዝ የሚያውቅ ሰው «የተበላሸ» ሊለው ይችል ነበር።

ስለ ሐይቁ ሰዎች ላውራ፤ የምወደው ጉዳይ ነው። አባያ ሐይቅ መሃል ጊዲቾ የሚባል ደሴት አለ። እዚያ ሁለት ሕዝብ አብሮ ኖሯል፣ ሐሮና ባይሶ። ሐሮ የኦሜቶ ወገን ነው፤ የእኛ ሩቅ ዘመድ። ባይሶ ግን ከእኛ አይደለም። ኩሽ ነው፤ የቅርብ ዘመዶቹም ሱማሌና ኬንያ ያሉት ሬንዲሌዎች ናቸው። ይህንን እ.ኤ.አ. በ1964 የጻፈው ያው ፍሌሚንግ ነው፣ «ኦሞቲክ»ን የሰየመው። አስቡት፣ አንድ ደሴት ላይ፣ አንድ ጀልባ ላይ፣ አንድ ዓሣ እየበሉ፣ አንዱ ዘመዱ ሶዶ ነው፣ አንዱ ዘመዱ ሞቃዲሾ! ጎረቤት መሆን ዘመድ አያደርግም፤ ዘመድ አለመሆንም ጎረቤት ከመሆን አይከለክልም። ሐሮን ኂሩት ወልደማርያም የተባሉ የአገራችን ምሁር ሰዋስውን ጽፈውለታል። አንድ ሙሉ ሰዋስው የተጻፈለት ቋንቋ «የለውም፣ ይቀላቅላል» የሚባለው እንዴት ነው?

ተናጋሪዎቹ ጥቂት ሺህ ናቸው። ቻሞ ሐይቅ ላይ የነበሩት ጋንጁሌዎች ደግሞ ወደ ዛይሴ ቋንቋ እየዞሩ ከርመዋል። ወጋጎዳ በመንግሥት ትእዛዝ በአንድ ዓመት ሊሠራው ያልቻለውን ገበያ፣ ጋብቻና ንቀት ቀስ ብለው ይሠሩታል። የመጨረሻው ላይ እኛ አለንበት። በወላይታ ገበያ ላይ አነጋገሩ የሚሳቅበት ሰው ልጁን ያን ቋንቋ አያስተምርም። በዚህ አደባባይ የሚወጣ የለም፤ ሰላማዊ ሰልፍ የለውም፤ ጥይት የለውም።

ወደ ታች ደቡብ ኦሞ፣ ወይጦ ወንዝ ዳር ሂዱ። ኦንጎታ የሚባሉ ሰዎች አሉ፤ ቢራሌም ይሏቸዋል። ቋንቋቸውን የሚያውቁት በጣት የሚቆጠሩ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ልጆቹ የሚናገሩት ፀማይኛ ነው። ስለ ዘሩ የተጻፈውን ብታዩ ትደነቃላችሁ። ፍሌሚንግ «ብቻውን የቆመ ቅርንጫፍ ነው» አለ። ጣሊያኖቹ ሳቫና ቶስኮ «የለም፣ ኩሽ ነው፣ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር አለበት» አሉ። ሌላው የአባይ-ሰሃራ አሸተተበት። እኔ ይህን ክርክር አላፌዝበትም፤ መጠናቱ ጥሩ ነው፣ ባይጠና ስሙንም አናውቀውም ነበር። ግን የአንድን ሰው ዘር እየቆጠርን ሰውየው እዚያው ፊታችን እየሞተ ነው። ምድቡ ዛሬ ማታ ቢረጋገጥ አንድም ልጅ ኦንጎታኛ አይናገርም።

ስለዚህ ተማሪዬ፣ መስኮቱ ጋ የነበርከው፣ ሥዕሉን አታጥፋው። ከሥሩ የጻፍከውን አጥፋው። ሥዕሉ ላይ ያሉትን ስሞች ደግሞ ቁጠራቸው፤ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ ብቻ አይደሉም። ኦይዳ፣ ዶርዜ፣ ማሌ፣ ባስኬቶ፣ ዛይሴ፣ ኮሬቴ፣ ሐሮ፣ ጫራ አሉ። ሁለት መቶ ኮሜንት ውስጥ እነዚህን በመልካም የጠራ አንድ ሰው ብቻ አገኘሁ፤ እሱም ዓሣ ነጋዴ ነው።

«በምንም አንገናኝም» ያልከው ደግሞ፣ ጨንቻ ወጥተህ አንድ ቀን ተቀመጥ። ስማ ብቻ፣ አትከራከር። ማታ ስትመለስ ስንቱን ቃል እንደያዝክ ጻፍልኝ። ቃሉን መያዝህ ወላይታነትህን አይቀንሰውም፤ የጋሞን መጽሐፍም በጋሞ አፍ ከመጻፍ አያግደውም።

እኔ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። አንድ ደብተር ጀምሬያለሁ። በአራት ዓምድ ሳይሆን በአሥራ ሁለት ዓምድ አሰመርኩት። የአካል ክፍሎችን፣ የቤት ዕቃን፣ እንሰትንና ከእንሰት የሚሠራውን ሁሉ፣ አንድ ቃል በአንድ መስመር። መምህር ወዳጆቼ ክፍል ውስጥ ቢሠሩት ደስ ይለኛል፤ ከየቦታው የመጣ ልጅ አይጠፋምና እያንዳንዱ የራሱን ይጽፋል፣ የማንም ቃል የማንንም አይሰርዝም። የወላይታ ዓምድ ሞልቷል። የጋሞው፣ ከጨንቻ የሆኑ የድሮ ተማሪዎች ረድተውኝ፣ ግማሽ ደርሷል። የዳውሮው ከታርጫ በስልክ እየመጣ ነው። የሐሮ ዓምድ ባዶ ነው።

ከምዕራብ አባያ ወይም ከጊዲቾ ሰዎች ይህን የምታነቡ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፦ ቤትን ምን ትሏታላችሁ? ውሃንስ? ጀልባንስ?